ጀርሙ ከየት መጣ? ጥፋቱን በእናቶች ላይ አንጣል



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የማወራችሁ ስለ አንድ ባክቴሪያ ነው። ከባክቴሪያው ጀርባ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፦ ሆስፒታል የተኛ ጨቅላ ሕፃን ደሙ በጀርም ሲመረዝ ጥፋቱ የማን ነው?

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ የእናቶች ናቸው። "ዶክተር፣ ልጄ ቀኑ ሳይደርስ ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል ገባ። እየተሻለው ነበር፤ ከዚያ ድንገት ኢንፌክሽን አለበት ተባለ። ምን አጥፍቼ ነው?" ዓይነት ጥያቄ ነው። አንዷ ንጽሕናዋን ትጠራጠራለች፣ ሌላዋ የጡቷን ወተት፣ ሌላዋ በእርግዝናዋ ጊዜ የበላችውን። ዘመድና ጎረቤት ደግሞ የየራሱን ይጨምርበታል። አንዳንዴም፣ ያሳዝናል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው ራሱ "እናንተ ናችሁ ጀርም ይዛችሁ የምትገቡት" ብሎ ያልፋል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ጣት ወደ እናት መጠቆም ስሕተት ነው። ይህን የምለው ለማጽናናት ብዬ አይደለም። የባክቴሪያውን ዘረመል ፊደል በፊደል ያነበቡ ጥናቶች የሚያሳዩት ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ክሌብሲየላ የሚባለው ጀርም ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ነው። ካርል ፍሪድሌንደር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1882 በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ እንዳገኘው ገልጾ ጻፈ። ስሙ የተሰጠው ግን ለኤድዊን ክሌብስ ለተባለ ሌላ ሐኪም መታሰቢያ ነው።

ይህ ጀርም ብዙ ጊዜ ምንም አያደርገንም። በአንጀታችን፣ በውሃ፣ በአፈር ውስጥ ይኖራል። አሁን ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ውስጥ የተወሰናችሁ በአንጀታችሁ ይዛችሁታል፤ ግን አልታመማችሁም። ችግሩ የሚመጣው መከላከያው ደካማ የሆነ ሰው ሲያገኝ ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን፣ ጽኑ ሕክምና ክፍል የተኛ ሰው፣ ካቴተር ወይም ካኑላ የገባለት ሕመምተኛ፣ ስኳር ያለበት ሰው።

"ታዲያ ከ1882 ጀምሮ የሚታወቅ ከሆነ ምኑ ነው አዲሱ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስሙ አሮጌ ነው፤ ጠባዩ ግን ባለፉት 40 ዓመታት ተቀይሯል፤ ያውም በሁለት አቅጣጫ። አንደኛው፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰራጨውና መድኃኒት የማይበግረው ነው። ሁለተኛው በ1980ዎቹ ታይዋን ውስጥ የታወቀው እጅግ አጥቂ ዓይነት ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ የማያውቅን ሰው ሳይቀር ጉበቱ ላይ መግል እንዲቋጥር ያደርጋል። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ለየብቻ ነበሩ። መድኃኒት የለመደው ያን ያህል አጥቂ አልነበረም፤ አጥቂው ደግሞ በቀላል መድኃኒት ይሞት ነበር። አሁን ግን ተገናኝተዋል። እንዴት እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አምስት ሺህ ዘረመል፣ ሠላሳ ሺህ ዘረመል

እኔና እናንተ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ዘረመሎች አሉን። ከጎንደሬው እስከ ጃፓናዊው የሁላችንም ዝርዝር በመሠረቱ አንድ ነው። የማንኛውም ሁለት ሰው ዘረመል ቢነጻጸር ልዩነቱ ከአንድ ሺህ ፊደል አንድ ገደማ ነው።

ክሌብሲየላ እንዲህ አይደለም። አንዱ ባክቴሪያ አምስት ሚሊዮን ከምናምን ፊደላትና ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ዘረመሎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ በሁሉም ክሌብሲየላዎች ዘንድ የሚገኙት ከሁለት ሺህ አይበልጡም። የቀረው ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። በ2015 ከተለያዩ አገራት የተሰበሰቡ ወደ 300 የሚሆኑ ናሙናዎች ጂኖም ተነብቦ ሲደመር ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ የተለያዩ ዘረመሎች ተገኙ። በኋላ ናሙናው ሲበዛ ቁጥሩም እየጨመረ ሄደ።

አስቡት እንግዲህ! በዓይን የማይታይ ፍጥረት፣ አንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ እንደ ማኅበር ሲታይ ግን ከሰው ልጅ የበለጠ የዘረመል ጎተራ አለው። መድኃኒት የምንሰጠው ለአንዱ ባክቴሪያ ነው፤ የሚመልስልን ግን ያ ጎተራ ነው።

ጀርሙ የሚለወጥባቸው ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የግልባጭ ስሕተት ነው። ድሮ ቁም ጸሐፊዎቻችን መጽሐፍ በብራና ሲገለብጡ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታሉ። ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጥ ሌላ ጸሐፊ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይቀጥላል። ባክቴሪያም ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉን ይገለብጣል፤ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል። አብዛኛው ስሕተት ምንም አያመጣም። አንዳንዱ ግን ይጠቅመዋል፤ ለምሳሌ መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍንለታል።

ሁለተኛው መንገድ ፈጣኑና አደገኛው ነው። ኢንተርኔት በሌለበት በዜንደር ዘፈንና ፊልም ትላላካላችሁ አይደል? ስትልኩ የእናንተ ፋይል አይጠፋም፤ ለጓደኛችሁም ይደርሰዋል። ባክቴሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ ክብ የዘረመል ቁራጭ አላቸው። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ግልባጩን ያቀብላል። ዘመድ መሆን እንኳ የግድ አይደለም፤ ኢ.ኮላይ ለክሌብሲየላ፣ ክሌብሲየላ ለሌላው ይሰጣል።

እዚህ ላይ በደንብ ያዙልኝ። አንድ ፕላዝሚድ ብዙ ጊዜ አንድ መድኃኒት የሚያመክን ዘረመል ብቻ አይደለም የሚይዘው። ሴፍትሪአክሶንን የሚያፈርሰው፣ ጄንታማይሲንን የሚያመክነው፣ ሌላም ሌላም በአንድ ጥቅል ተጭነው ይሄዳሉ። ስለዚህ ለጉንፋን ብላችሁ ያለ ማዘዣ የገዛችሁት አንድ አንቲባዮቲክ እሱን ብቻ አይደለም የሚያስለምደው። ጥቅሉን የያዘውን ጀርም መርጦ ያስቀራል፤ በጥቅሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች መድኃኒቶችም አብረው ይከሽፋሉ።

በነገራችን ላይ "መድኃኒቱን ሰውነቴ ለመደው" የምትሉትን አባባል ዛሬ እናስተካክለው። ሰውነታችሁ አይደለም የለመደው፣ ጀርሙ ነው። ጀርሙ ደግሞ የእናንተ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ልጅ፣ ወደ ሌላው አልጋ ይሄዳል። ስለዚህ "እኔ አንቲባዮቲክ ወስጄ አላውቅም፣ እንዴት በመድኃኒት የማይሞት ጀርም ያዘኝ?" ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር

ካርባፔነም የሚባሉት እንደ ሜሮፔነም ያሉ መድኃኒቶች ለከባድ ኢንፌክሽን የምናስቀምጣቸው ናቸው። እነሱን የሚያፈርስ ኬፒሲ የሚባል ኢንዛይም በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በ1996 በተወሰደ የክሌብሲየላ ናሙና ውስጥ ተገኘ። በ2008 ደግሞ ሕንድ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ በተመለሰ የስዊድን ነዋሪ ላይ ሌላ ተገኘ፤ ኤንዲኤም ይባላል። ዛሬ ሁለቱም ዓለምን አዳርሰዋል።

በ2016 አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ አንዲት በ70ዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ሞተች። ከዚያ በፊት ሕንድ ውስጥ በእግር ስብራት ምክንያት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከቁስሏ በተወሰደ ናሙና የተገኘው ክሌብሲየላ አሜሪካ ውስጥ የሚገኙትን 26 አንቲባዮቲኮች በሙሉ ተቋቁሟል። ሃያ ስድስት! ሀብታም አገር ውስጥ፣ መድኃኒት ሞልቶ፣ የሚሠራ አንድም ጠፋ።

እዚያው ዓመት ላይ ቻይና ሃንግዡ ከተማ ውስጥ ቀደም ብዬ ያልኳችሁ ሁለቱ ጠባዮች ተገናኙ። መድኃኒት የለመደው የሆስፒታል ዝርያ የአጥቂነት ዘረመል የጫነ ፕላዝሚድ ወሰደ። በአንድ ጽኑ ሕክምና ክፍል አምስት ሕመምተኞች ያዛቸው፤ አምስቱም ሞቱ። ይህ የታወቀው ጂኖሙ ስለተነበበ ነው። በተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ "ክሌብሲየላ ነው፣ መድኃኒት የለመደ ነው" ከማለት ያለፈ አይታወቅም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው የአደገኛ ባክቴሪያዎች ዝርዝር ካርባፔነምን የለመደውን ክሌብሲየላ ከላይኛው ረድፍ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጂኖም እንደ መርማሪ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። "ከየት መጣ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ያ የግልባጭ ስሕተት ነው።

የብራና መጻሕፍት አጥኚዎች ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ስሕተት ካላቸው ከአንድ እናት ቅጂ እንደተገለበጡ ያውቃሉ። የባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ከሁለት ሕመምተኞች የተገኘ ክሌብሲየላ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ፊደላት ውስጥ የሚለያየው በጥቂት ፊደላት ብቻ ከሆነ፣ አንዱ ከሌላው ወይም ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ነው ያገኙት። በሺዎች ፊደላት ከተለያዩ ግን እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ነው የመጣው።

በ2011 አሜሪካ ሜሪላንድ በሚገኘው በብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆስፒታል የሆነው የታወቀ ነው። ካርባፔነም የለመደ ክሌብሲየላ የያዛት አንዲት ሕመምተኛ በሰኔ ወር ገባች። ለብቻ አድርገው፣ ተጠንቅቀው አከሟት፤ ድና ወጣች። ከወጣች ሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሕመምተኛ ላይ ተገኘ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ በድምሩ 18 ሰው። ከእነሱ 11ዱ ሞቱ፤ የስድስቱ ሞት በቀጥታ ከዚህ ጀርም ጋር የተያያዘ ነበር።

መጀመሪያ ላይ "ሦስት ሳምንት ልዩነት ስላለ ላይገናኝ ይችላል" የሚል ጥርጣሬ ነበር። ጂኖሙ ሲነበብ ግን ሁሉም ከመጀመሪያዋ ሕመምተኛ የወረደ አንድ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ጀርሙ ሳይታወቅ ምልክት በማያሳዩ ሰዎች አንጀት ውስጥ ተደብቆ ነበር። በእጅ መታጠቢያ ፍሳሽ መውረጃ ውስጥና ጸድቷል በተባለ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ሳይቀር ተገኝቷል።

እስቲ ልብ በሉ፤ ይህ በዓለም ካሉት ሀብታም ሆስፒታሎች በአንዱ የሆነ ነው። ውሃ በማይቋረጥበት፣ ሳኒታይዘር በየበሩ በተሰቀለበት ሆስፒታል። የእኛን ሁኔታ እናንተው ጨምሩበት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ባርናርድስ የተባለ ትልቅ ጥናት በሰባት አገራት የጨቅላ ሕፃናትን የደም ኢንፌክሽን መርምሯል፤ ባንግላዴሽ፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳ፣ ደቡብ አፍሪካና የእኛዋ ኢትዮጵያ። ከዚህ ጥናት የተገኙ ባክቴሪያዎች ጂኖም ተነብቦ በ2021 ታትሟል። ከተገኙት ጀርሞች ውስጥ ዋነኛ ከሆኑት አንዱ ክሌብሲየላ ነበር። በተለያዩ ሕፃናት ደም ውስጥ እጅግ የሚመሳሰሉ ዝርያዎችም ተገኝተዋል። ቻምፕስ የተባለውና በሐረርና በቀርሳም የሚሠራው የሕፃናት ሞት ምክንያት ጥናትም ክሌብሲየላን ከዋነኞቹ ገዳዮች ተርታ አስቀምጦታል።

ሌላም ልጨምርላችሁ። ለጨቅላ ሕፃናት የደም ኢንፌክሽን በመጀመሪያ የሚታዘዙት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ናቸው። ክሌብሲየላ ደግሞ ከተፈጥሮው፣ ከማንም ሳይበደር፣ አምፒሲሊንን የሚያፈርስ ዘረመል አለው። ስለዚህ ጀርሙ ክሌብሲየላ ከሆነ ሥራውን የሚሠራው ጄንታማይሲን ብቻውን ነው። ጄንታማይሲንን የሚያመክነው ዘረመል በፕላዝሚድ ከመጣስ? ሕፃኑ ሁለት መድኃኒት እየወሰደ አንድም የሚሠራ የለውም ማለት ነው። ይህን ቶሎ የሚነግረን የደም ካልቸር ነው። ካልቸር የማይሠራበት ሆስፒታል ውስጥ የምናውቀው ሕፃኑ ሳይሻለው ሲቀር ነው።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ፣ እናቶቻቸው የማይተዋወቁ፣ ከተለያየ ሰፈርና ወረዳ የመጡ ሕፃናት በጥቂት ፊደል ብቻ የሚለያይ አንድ ጀርም ቢይዛቸው፣ ምንጩ የአንዷ እናት ቤት ወይም የሌላዋ ጡት ሊሆን ይችላል? አይችልም። የሚያገናኛቸው ክፍሉ ነው። ማሞቂያው፣ መምጠጫው፣ የኦክስጅን ቱቦው፣ የመታጠቢያው ፍሳሽ፣ በጋራ የሚቀዳው መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኛ እጅ። የጤና ባለሙያዎች እጅ።

"ሰው ሆስፒታል እንዳይመጣ ታደርጋለህ" ለሚሉኝ

ይህን ስጽፍ አንዳንድ የሙያ አጋሮቼ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። "እንዲህ ካልክ እናቶች ቤታቸው መውለድ ይጀምራሉ" ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ ጤና ተቋም ውለዱ። ደም መፍሰስ፣ ምጥ መርዘም፣ የሕፃን መታፈን ቤት ውስጥ የሚገድሉት እናትና ልጅ ብዙ ናቸው። ቀኑ ያልደረሰ ሕፃን ያለ ሆስፒታል የመትረፍ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ሆስፒታል ያድናል፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም።

ግን እምነት የሚጠፋው እውነት ሲነገር አይደለም፤ እውነት ሲደበቅ ነው። እናት ልጇ ኢንፌክሽን እንደያዘው እንጂ ከየት እንደያዘው ካልተነገራት፣ ያንን ክፍተት ራሷን በመውቀስ ትሞላዋለች። ወይም ሐሜት ይሞላዋል። "ልጄን ሆስፒታል ገደለብኝ" የሚለውም ወሬ የሚወለደው ከዚሁ ዝምታ ነው።

በነርሶቻችን ላይም አልፈርድም። አንዲት ነርስ ለብዙ ሕፃናት ብቻዋን በምትሮጥበት ክፍል፣ ቧንቧው ውሃ በሌለው ቀን "እጅሽን ለምን አልታጠብሽም?" ማለት ለእናትየው "ምን አጠፋሽ?" ከማለት አይሻልም። ጥፋቱን ከእናት አንስቶ ነርስ ላይ መጫን መፍትሔ አይደለም። የሚጠየቀው ውሃውን፣ ሳሙናውን፣ የሰው ኃይሉንና ላቦራቶሪውን የሚመድበው ነው።

"ሳሙና በሌለበት ጂኖም?" ለሚሉኝ

ይሄኛው ተቃውሞ ይበልጥ ጠንካራ ነው። እውነት ነው፤ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የማይቋረጥ ውሃ፣ ሳሙናና የእጅ አልኮል። ቀጥሎ በየሪፈራል ሆስፒታሉ በትክክል የሚሠራ የደም ካልቸር። ጂኖም ማንበብ ከነዚህ በኋላ ነው፤ በየሆስፒታሉም መሆን የለበትም። በጥቂት ማዕከላት ይበቃል። ሥራው ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ የቫይረሱን ጂኖም ያነበቡ መሣሪያዎችና ባለሙያዎች እንደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አርማወር ሐንሰን ባሉ ተቋማት አሉ።

"ግን ምን ይጠቅማል?" ካላችሁ ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ገንዘባችንን የት እንደምናውል ይነግረናል። በአንድ ክፍል አሥር ሕፃናት ክሌብሲየላ ያዛቸው እንበል። አሥሩም አንድ ዝርያ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ምንጭ አለ፤ ፈልጎ መዝጋት ነው። አሥሩም የተለያየ ዝርያ ከሆነ ግን ክፍሉን ደጋግሞ ማጠብ ብዙም አይፈይድም፤ ችግሩ ያለው ከውጭ በሚገባውና በአንቲባዮቲክ አጠቃቀማችን ላይ ነው። መልኩ አንድ የሆነ ችግር፣ መፍትሔው ግን ለየቅል። ጂኖሙን ሳናይ በግምት ነው የምንሠራው፤ ግምት ደግሞ ከምርመራው በላይ ያስወጣል።

ሁለተኛ፣ ክትባት። ክሌብሲየላ ካፕሱል የሚባል የስኳር ሽፋን አለው፤ ዓይነቱ ደግሞ ብዙ ነው፤ በጂኖም ሲቆጠር ከመቶ በላይ ይደርሳል። ለእርጉዝ እናቶች ተሰጥቶ ሕፃኑን የሚጠብቅ ክትባት ለማዘጋጀት ተመራማሪዎች እየጣሩ ነው። መቶውን ዓይነት ሁሉ በአንድ ክትባት ማካተት ስለማይቻል መምረጥ ግድ ነው። ልጆቻችን የሚወስዱትን የሳንባ ምች ክትባት፣ ፒሲቪን፣ አስታውሱ፤ እሱም ተመርጠው የገቡ ዓይነቶችን ብቻ ነው የሚከላከለው። የእኛ ሕፃናት ጀርም ካልተነበበ የሚመረጠው የሌሎች አገር ሕፃናትን የሚገድለው ዓይነት ይሆናል። ያልተቆጠረ አይታወስም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እናንተስ ምን ታድርጉ?

1. ልጃችሁን ደረታችሁ ላይ እቀፉ። ክብደቱ ላነሰ ሕፃን የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ፣ ወዲያው እንደተወለደ ቢጀመር ሞትን በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ በ2021 የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ጋና፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ከተሳተፉት ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 መመሪያው ውስጥ አስገብቶታል። አያችሁ? ስትወቀሱበት የነበረው ገላችሁ መከላከያ ነው። ሕፃኑ የክፍሉን ጀርም ከሚወስድ የእናቱን ቢወስድ ይሻለዋል። ጡትም እንዲሁ ነው፤ እንገር አትጣሉ።

2. ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ እኛንም ጠይቁን። "ሲስተር፣ ይቅርታ፣ እጅሽን ታጥበሻል?" ማለት ነውር አይደለም። በትሕትና ከተጠየቀ ማንም ባለሙያ ሊከፋው አይገባም። ጠያቂ እንዳይበዛ ጎብኚ ዘመድን ከበር መልሱ።

3. "የደም ካልቸር ተወስዷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ጥሩ ነው። ነገር ግን ካልቸር የለም ተብሎ ሕክምናው አይዘገይ፤ የሕፃን የደም ኢንፌክሽን ሰዓታት አይሰጥም።

4. ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ ለጎረቤትም አትስጡ። ጉንፋን በአሞክሲሊን አይድንም። ፋርማሲስቱም "ማዘዣ አምጡ" ሲላችሁ አትቆጡት፤ ልጃችሁን እየጠበቀላችሁ ነው።

5. ለሕክምና ውጭ አገር ሄዳችሁ ተኝታችሁ ከነበረ ለሐኪማችሁ ተናገሩ። ሕንድም ይሁን ታይላንድ፣ አሜሪካም ይሁን ዱባይ፣ ከእኛ ወደ እነሱም ስትሄዱ ያው ነው። ይህ አገር መውቀስ አይደለም፤ ለጀርም ድንበር ስለሌለው ነው።

6. የአደጋ ምልክቶቹን ልቅም አድርጋችሁ እወቁ። ጨቅላ ሕፃን ጡት መጥባት ካቆመ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘና ሲነካ ካልተንቀሳቀሰ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ካለው፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ፣ ነገ አትበሉ። አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም!

ለሙያ አጋሮቼና ለሚመለከታችሁ

ለሙያ አጋሮቼ፦ በክፍላችሁ ሁለትና ሦስት ሕፃናት በተቀራረቡ ቀናት በአንድ ዓይነት ጀርም ሲታመሙ "አጋጣሚ ነው" ብላችሁ አትለፉት። መዝግቡ፣ አሳውቁ፣ ናሙናውን አስቀምጡ። የተጣለ ናሙና ማንም ሊያነበው አይችልም። ለእናትየውም እውነቱን በሚገባት ቋንቋ ንገሯት።

ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፦ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲመረቅ ሪባን ከመቆረጡ በፊት ቧንቧውን ከፍታችሁ እዩ። ውሃ አለው? ሳሙና አለው? ለስንት ሕፃን ስንት ነርስ ተመደበ? ካልቸር ይሠራል? ማሽኑ ቢያምር፣ ግድግዳው ቢያበራ፣ እነዚህ አራቱ ከሌሉ ክሌብሲየላን ቤት ሠርተን አስገብተነዋል ማለት ነው።

ይህ ጀርም በየቀኑ ራሱን እየገለበጠ፣ እየተዋሰ፣ እየተለወጠ ነው። ስብሰባ አይጠብቅም፣ በጀት አይጠብቅም። እኛ ቢያንስ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ከእሱ እኩል እንፍጠን።

ማሞቂያ ክፍል ልጅ ያላት እናት የምታውቁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉላት፤ ማንበብ ካልቻለች አንብቡላት። በተለይ ተራ ቁጥር 1ን። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ትምህርት ስለሆነ ልጃችሁን የሚያየውን ሐኪም አይተካም።